ስኳር ያለበትና የሌለበት ታካሚ በአንድ የእጥበት ማዕከል፦ የአገልግሎት ግምገማ

በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል የኩላሊት እጥበት ማዕከል ሁለት ዘመዶቼን ያክማል። አንዷ እናቴ ናት፤ ኩላሊቷን ያደከመው ለረጅም ዓመታት አብሯት የኖረው የስኳር ሕመም ነው። ሌላው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ስኳር የለበትም፤ እርሱን ለእጥበት ያበቃው ሳይታወቅበት የቆየ የደም ግፊት ነው። ሁለቱም የሚታጠቡት በአንድ ዓይነት ማሽንና በአንድ ዓይነት ማጣሪያ ሲሆን፣ በማሽኑ ላይ የሚቆዩበት አራት ሰዓትም ሆነ የሚከፍሉት ገንዘብ እኩል ነው። ከማዕከሉ ወጥተው የሚኖሩት ኑሮ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ሁለቱንም እያመላለስሁ ስለማስታምም፣ አንድን የእጥበት ማዕከል ለመመዘን ማሽኑን ማየት እንደማይበቃና ታካሚው በማግስቱ እንዴት እንደሚውል መጠየቅ እንደሚያስፈልግ አምኛለሁ፤ ግምገማዬም በዚህ ሚዛን ላይ የቆመ ነው። የማዕከሉን ስም ያልጠቀስሁት፣ እንደ ጉድለት የማነሳው ነገር በዚህ ቤት ብቻ የሚታይ ነው ብዬ ስለማላስብ ነው።

በመጀመሪያ መመስገን የሚገባው ይመስገን። በእጥበት ጊዜ ማሽኑ በየደቂቃው 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ከሰውነት እያወጣ ያጣራል፤ በማጣሪያው ማዶ ደግሞ በየደቂቃው 500 ሚሊ ሊትር የማጠቢያ ፈሳሽ ያልፋል፤ ይህም በአራት ሰዓት ሲሰላ 120 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ፈሳሽ ከታካሚው ደም የሚለየው በስስ ሽፋን ብቻ ስለሆነ፣ ፈሳሹ የሚዘጋጅበት ውኃ እንደ መጠጥ ውኃ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃውም። ስለዚህ የአንድ ማዕከል ደኅንነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው ታካሚ ገብቶ በማያየው የውኃ ማጣሪያ ክፍል ነው። እዚህ ማዕከል ክፍሉን ለማየት ስጠይቅ ያለ ማቅማማት አስገብተውኛል፤ የውኃው ምርመራ በየጊዜው የሚመዘገብበትን መዝገብም ገልጠው አሳይተውኛል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለባቸው ታካሚዎች የሚታጠቡበት ማሽን የተለየ ነው፤ ነርሶቹ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲሄዱ ጓንት ይቀይራሉ፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የማሽኖቹ ባትሪ ደሙ እንዳይቆም ይይዘዋል። በዚህ በኩል አንድም ቀን ስጋት አድሮብኝ አያውቅም።

ለአጎቴ ልጅ ይህ አገልግሎት በአብዛኛው በቂ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ከሥራ መልስ የሚታጠብበት የማታ ተራ ተሰጥቶታል፤ ከማሽኑ ሲወርድ ይዝላል፤ ጠዋት ግን ተነሥቶ ቢሮው ይገባል። የሚያማርረው ማታ ማታ ስለሚበላው ቆዳውና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ነው፤ ማሳከኩ የደከመ ኩላሊት በሚገባ የማያስወግደው ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን በደሙ ውስጥ ከፍ ባለ ጊዜ እንደሚብስ ነግረውት መድኃኒቱን ከምግብ ጋር አስተካክለው ሰጥተውታል። ማዕከሉ የተሠራው እንደ እርሱ ላለ ሰው ይመስለኛል።

እናቴ እዚያው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጤነኛ ኩላሊት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ኢንሱሊንን ሰባብሮ ከደም ማስወገድ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ከወትሮው በላይ ስለሚቆይ፣ ለዓመታት ሲስማማት የነበረው መጠን አሁን ስኳሯን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል። በዚህ ላይ እጥበቱ ራሱ ይጨመራል። የማጠቢያው ፈሳሽ የሚይዘው ግሉኮስ የተወሰነ ነው፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ የመጣ ሰው በማሽኑ ላይ ሳለ ይወርድበታል፤ ቤቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሊወጣበት ይችላል። የማዕከሉ ልማድ ስኳርን ሲገቡ አንድ ጊዜ ለክቶ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት የደም ግፊት በየጊዜው ሲለካ፣ ስኳር ግን ታካሚው ካልጠየቀ አይለካም።

ታካሚው ይጠይቃል የሚለው እምነት ለስኳር ሕመምተኛ አይሠራም። ስኳር ሲወርድ የሚመጣው ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት፣ ሕመሙ ነርቮችን ከጎዳ በኋላ ይደበዝዛል፤ ለግፊትና ለልብ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ምልክቱን ይሸፍኑታል። ስለዚህ ያንቀላፋች የምትመስል እናት በእርግጥ እንቅልፍ ወስዷት ይሁን ስኳሯ ወርዶ ይሁን የሚለየው ጣት ወግቶ መለካት ብቻ ነው። አንድ ቀን ሲስተሯ «እማማ ደክሟቸው ነው፣ ትንሽ ይረፉ» ብላ ስታልፍ፣ በያዝሁት መለኪያ ብለካት ስኳሯ ወርዶ አገኘሁት። ሲስተሯን አልወቅስም፤ ብዙ ወንበር በአንድ ጊዜ የምትጠብቅ ትጉህ ሰው ናት። ጉድለቱ በሰዓቱ መካከልና በመጨረሻው መለካትን ግዴታ ያላደረገው አሠራር ነው። በቀይ ደም ሕዋሳት ላይ የተጣበቀውን ስኳር የሚለካው፣ የሦስት ወር አማካይ የሚባለው የስኳር ምርመራም ቢሆን በእጥበት ላይ ላለ ሰው ብቻውን አያስተማምንም፤ የቀይ ደም ሕዋሳት ዕድሜ ስለሚያጥርና ለደም ማነስ የሚሰጠው መርፌ አዳዲስ ሕዋሳትን ስለሚያበዛ፣ ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ማዕከሉ ግን በዚህ ቁጥር ተደስቶ «ስኳርዎ ጥሩ ነው» ብሎ ያሰናብታታል።

ከስኳሩ ቀጥሎ የእናቴን ቀን የሚያበላሸው የግፊት መውረድ ነው። ሰውነት ውኃ ሲቀነስለት የደም ሥሮቹን አጥብቆና የልቡን ምት አፍጥኖ ግፊቱን ይይዛል፤ ስኳር ይህን የሚያዝዙትን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ ለአጎቴ ልጅ ምንም የማይመስለው የውኃ ቅነሳ እናቴን ያዛጋታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ እግሯን ቁርጥማት ይይዘዋል። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ ውኃ አለማውጣት ነው፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ በአራት ሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ይሆናል። በሁለት እጥበቶች መካከል ከዚያ በላይ ይዛ ከመጣች ወይ ሰዓቱ ሊረዝም፣ ወይ ሌላ ቀን ሊጨመር፣ ወይ ውኃው ቀስ በቀስ ሊወጣ ይገባል። እዚህ ማዕከል ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለሆነ ሰዓት ማራዘም አይታሰብም፤ ግፊቷ ሲወርድ ራሷን ዝቅ አድርገው ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ውኃ ይሰጧታል፣ ውኃ ማውጣቱንም ያቆማሉ፤ ስለዚህ ያልወጣውን ውኃ እንደ ያዘች ቤቷ ትገባለች። የማጠቢያውን ፈሳሽ ሙቀት በግማሽ ወይም በአንድ ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ ግፊቱን እንደሚደግፍለት የታወቀ ነው፤ ተጨማሪ ወጪም የለውም። ይህን ለሐኪሙ ካነሳሁለት በኋላ ተሞክሮላት በግልጽ ተሽሏታል፤ ሳይጠየቅ ቢደረግላት ግን ስንት የመከራ ከሰዓት በኋላ ይቀርላት ነበር።

ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር የማዕከሉ ደካማ ጎን ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምናገረው የታካሚው ኑሮ የሚመቸው ወይም የሚመረው በማዕድ ላይ ስለሆነ ነው። ለሁሉም ታካሚ የሚታደለው ወረቀት አንድ ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ባቄላ በሙሉ «የተከለከለ» በሚለው ረድፍ ተደርድረዋል። እናቴ ደግሞ የስኳር ሐኪሟ «እንጀራና ዳቦ ቀንሺ፣ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ሰላጣ አብዢ» ሲላት የኖረች ሴት ናት። ሁለቱን ምክሮች ጎን ለጎን አድርጋ ስትታዘዝ የሚበላ ነገር አጣች፤ ክሳቷም የጀመረው ያኔ ነው። በእጥበት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከማሽኑ ጋር ፕሮቲን ስለሚያጣ፣ የሚያስፈልገው የገንቢ ምግብ መጠን እጥበት ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ይበልጣል። በጾም ወቅት እንቁላልና ሥጋ የማይነካ ሰው ይህን ከጥራጥሬ በቀር ከየት ያገኘዋል?

እውነቱ ወረቀቱ ከሚለው የተሻለ ተስፋ ያለው ነው። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ወደ ደም የሚገባው በከፊል ነው፤ ይልቅ በፋብሪካ ምግቦችና በጥቋቁር ለስላሳ መጠጦች ውስጥ የሚጨመረው ፎስፈረስ አብዛኛው ይመጠጣል። ስለዚህ ሽሮ በልክ መብላት ይቻላል። ድንችና ጎመን ተከትፈው በብዙ ውኃ ተቀቅለው ውኃው ሲደፋ ፖታሲየማቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን የሚያውከው ማዕድን፣ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን የእኛ ቤት ችግር ጨው ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲፈጭም እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ ሦስተኛ ጊዜ ይጨመራል። ለታካሚ የሚሆን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ለብቻ ማስፈጨት አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ቢሆንም፣ በእናቴ ጥማትና በክብደቷ ላይ ያመጣው ለውጥ ማንኛውም ወረቀት ካመጣው ይበልጣል። ይህን የነገሩኝ ባለሙያ ሳይሆኑ በመጠበቂያው ክፍል ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ አንዲት ሴት ናቸው።

ጥማትንም በተመለከተ ማዕከሉ ለሁለቱም ዘመዶቼ የሚሰጠው ምክር «ውኃ ቀንሱ» የሚል ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ቡና እስከ በረካ ድረስ መቀመጡን ትቶ አቦሉን ብቻ በመጠጣት፣ መድኃኒቱንም በጉንጭ ውኃ በመዋጥ ምክሩን መፈጸም ችሏል። እናቴን የሚያስጠማት ግን ከጨው ሌላ ከፍ ያለው ስኳሯ ነው፤ ስኳሩ ሳይስተካከል ጥማቷን በትእዛዝ ማቆም አይቻልም፤ ክብደቷ ጨምሮ ስትመጣም «ጠጥተው መጡ» ተብላ ትወቀሳለች። ስኳሯ ሲወርድ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ የሚያቀርብላት የብርቱካን ጭማቂ ነው፤ ፖታሲየሙ ለእርሷ አደገኛ ሊሆን እንደሚችልና ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጦ መስጠት ወይም ከረሜላ ማስመጠጥ እንደሚሻል የነገረን የለም። ማዕከሉ በሁለተኛው ሰዓት ገደማ ለሁሉም የሚያቀርበው ስኳር ያለው ሻይና ዳቦም በመልካም ልብ የተጀመረ ቢሆንም፣ ምግብ ሲበላ ደም ወደ ሆድ ስለሚሄድ ግፊቱ ለሚወርድበት ታካሚ ጉዳት አለው። ለእናቴ ከመግባቷ በፊት ቁርሷን አብልቶ ማምጣት ይሻላል።

ማሽኑ የሚገናኝበትን የደም መንገድ በተመለከተ ማዕከሉ ጥሩ እጅ አለው። በክንድ ላይ የሚሠራው ፊስቱላ የደም ወሳጁን ከደም መላሹ ጋር በቀዶ ሕክምና በማገናኘት የሚገኝ ሲሆን፣ እስኪጠነክር ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል። የአጎቴ ልጅ ፊስቱላ ቶሎ ደርሶለታል፤ እናቴ ግን ስኳሩ የደም ሥሮቿን ስላጠበበውና ስላደረቀው የመጀመሪያው ሳይሠራ ቀርቶ፣ ለኢንፌክሽን ይበልጥ በሚያጋልጠው የአንገት ካቴተር (በአንገት ደም ሥር በሚገባ ቱቦ) ረጅም ጊዜ ቆይታለች። ነርሶቹ ካቴተሩን በጥንቃቄ ይዘውታል፤ አሁን በምትጠቀምበት ክንድ ላይም በየጠዋቱ ንዝረቱን በጣቷ እንድትዳስስ፣ በዚያ ክንድ ግፊት እንዳታስለካና ከባድ ዕቃ እንዳትሸከም አስተምረዋታል። እግሯን ግን ያየላት የለም። ስኳር ስሜቱን የወሰደበት እግር አራት ሰዓት ሙሉ ተረከዙ በወንበሩ ላይ ተጭኖ ይቆያል፤ ከታች ትራስ ማድረግና በወር አንድ ጊዜ ካልሲ አስወልቆ በጣቶቹ መካከል ማየት ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ዓይኗም እንደ ደከመ እየታወቀ ሁሉም መመሪያ በደቃቅ ፊደል ታትሞ ይሰጣታል።

በእጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን የኑሮ ጥራት ለመለካት በዓለም ላይ የሚሠራበት 36 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ስለ አካል አቅም፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ሕመሙ ምልክቶችና ሕመሙ በዕለት ኑሮ ላይ ስለሚያሳድረው ሸክም ይጠይቃል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ደጋግሞ የሚታየው ውጤት፣ ስኳር ያለባቸው ታካሚዎች በአካል አቅም በኩል ስኳር ከሌለባቸው ዝቅ ብለው መገኘታቸውና በአእምሮና በስሜት በኩል ግን ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አለመሆኑ ነው። በቤታችን የማየውም ይህንኑ ነው። እናቴ ደረጃ መውጣት፣ ገበያ መሄድ፣ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ያቅታታል፤ መንፈሷ ግን ጠንካራ ነው፤ የእጥበት ቀኗን ከጎን ወንበር ካሉ እኩዮቿ ጋር የምትጨዋወትበት አድርጋዋለች። የአጎቴ ልጅ እንደ ልቡ ይራመዳል፤ ሆኖም ትዳር ልያዝ ወይስ ልተው፣ ይህን ወጪ እስከ መቼ እችለዋለሁ እያለ የሚቆዝመው እርሱ ነው። ስለዚህ ስኳር የሌለበትን ታካሚ «አንተማ ደህና ነህ» ብሎ ማለፍም ትክክል አይደለም። ማዕከሉ ለሁለቱም እንዲህ ያለ ጥያቄ አቅርቦ አያውቅም፤ በየወሩ የሚመረመረው ደማቸው ብቻ ነው።

ስለ ንቅለ ተከላም የሚሰጠው መረጃ እኩል አይደለም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2015 እንደ ተጀመረ፣ ከዘመድ በሚገኝ ኩላሊት እንደሚከናወንና ምን ምርመራ እንደሚጠይቅ ለአጎቴ ልጅ በደንብ አስረድተውታል። ለእናቴ ግን ጉዳዩ ተነሥቶላት አያውቅም። የልብና የደም ሥር ሁኔታዋ ላይፈቅድላት ይችላል፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚወሰዱት መድኃኒቶችም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ተመርምሮ አይሆንም መባልና ስኳር አለባት ተብሎ ሳይነገራት መቅረት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በአሜሪካ የእጥበት ሕክምና ሲስፋፋ የስኳር ሕመምተኞች አይጠቅማቸውም ተብለው ከእጥበቱ ራሱ ይገለሉ ነበር፤ ያ አስተሳሰብ በሕክምናው ዓለም ከተተወ ዘመናት ተቆጥረዋል።

ዋጋው ከአቻዎቹ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ማጣሪያውን፣ ቱቦዎቹንና የደም ማቅጠኛውን ያካትታል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው መርፌና የላቦራቶሪው ሂሳብ ለየብቻ ይጠየቃል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ የሚገባው ብዙ ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ማዕከሉ ያውቃል፤ ክፍያ ሲዘገይም ታካሚን ከወንበር አስነሥቶ ሲመልስ አላየሁም። ለስኳር ሕመምተኛ ግን የኢንሱሊኑ፣ የመለኪያ ወረቀቱ፣ የዓይንና የእግር ሐኪሙ ወጪ በዚህ ላይ ይደረባል።

ስኳር ለሌለበት፣ በተለይ እየሠራ መታከም ለሚፈልግ ሰው ይህን ማዕከል በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ስኳር ላለበት ታካሚ ቦታ የምትፈልጉ ቤተሰቦች ግን፣ ይህንንም ሆነ ሌላውን ማዕከል ከመምረጣችሁ በፊት ስኳር በእጥበቱ መካከል ይለካ እንደሆነ፣ የኢንሱሊን መጠን በእጥበት ቀንና በሌላው ቀን የሚለያይበትን መመሪያ ማን እንደሚጽፍ፣ እግር በስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ ማታ ስኳር ቢወርድ የሚደወልበት ስልክ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። እኛ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ለሥራ አስኪያጁ አቅርበናል፤ ስኳር በመካከልና በመጨረሻ እንዲለካ ወዲያው ተስማምተዋል፤ ከሚቀጥለው ተራ ጀምሮም በእናቴ መዝገብ ላይ ሦስት የስኳር ቁጥሮች መጻፍ ተጀምሯል። በሌሎቹ የስኳር ታካሚዎች መዝገብ ላይ ግን እስካሁን የሚጻፈው አንድ ቁጥር ስለሆነ፣ እዚያ የምታስታምሙ ሁሉ በየወንበራችሁ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።